አንደኛ የወጡት እንግዳ

በዚያን ጊዜ የምኖረው በሁለት ቦታ ነበር። አካሌና ደመወዜ ከሸነን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ የቀረው ነገሬ ሁሉ አምቦ። ባሌ ግርማ አምቦ ውስጥ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። ልጃችን ናሆም ያኔ ገና አፉን እየፈታ ነበር፤ የሚያድገውም እናቴ ጋ ነው። እናቴን «እማዬ» ይላታል። እኔን ደግሞ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲጠራኝ ስለሚሰማ «ቲቸር» ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርጄ ሰፈር ስደርስ ሮጦ መጥቶ እግሬን አቀፈና «ቲቸር መጣች» ብሎ ለመንደሩ አወጀ። ጎረቤቶቻችን በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዝውውር መጠየቅ የጀመርኩት ናሆም ከመፀነሱ በፊት ነው። የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ «ይታያል» የሚል ነበር። ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያየው፣ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያየው የነገረኝ ሰው የለም። ከሸነን አምቦ ያለው መንገድ ረጅም ሳይሆን ክፉ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ክፋቱ ይብስበታል። በየሁለት ሳምንቱ በዚያ መንገድ ተንገላትቼ ልጄን አያለሁ፣ ሰኞ ደግሞ ተመልሼ የሰው ልጆችን ስለ ሰውነት ክፍሎች አስተምራለሁ። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው።

ከኮሮናው ማግስት አገር ምድሩ ሁሉ ነገር ኦንላይን ካልሆነ ያለበት ወቅት ነበር። ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ታደሰ ሥልጠና ብለው ሄደው አንድ ኮፍያ፣ አንድ ቦርሳና አንድ መፈክር ይዘው ተመለሱ። መፈክሩ «ቴክኖሎጂ አያዳላም» ይላል። ኮፍያውን ለልጃቸው ሰጡት፣ ቦርሳውን ራሳቸው ያዙት፣ መፈክሩን ለእኛ አካፈሉን። በማግስቱ በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ አናት ላይ በኖራ ተጽፎ አገኘነው።

ሥልጠናው ስለ ኦንላይን የጥያቄ ጨዋታ ነበር። ላላያችሁት ልንገራችሁ። መምህሩ ጥያቄና አራት አማራጭ መልስ አዘጋጅቶ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያበራል። ተማሪዎች በስልካቸው አንድ ኮድ ያስገቡና ስም መርጠው ይገባሉ፤ መልሱንም ቀለም በመንካት ይሰጣሉ። ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ማን እንደመራ፣ ማን መጨረሻ እንደሆነ በስም ተዘርዝሮ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሠርግ ቤት የሚያስንቅ ሙዚቃ ይጮሃል።

ጨዋታው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጥፎ አልነበረም። የመምህራንን ስልክ እየተዋስኩ ለክለሳ ሞክሬዋለሁ። እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ሲፎካከር፣ ሲናደድ፣ ሲጨፍር አይቻለሁ። በተለይ ቦንቱ የምትባል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ፣ ጨዋታው ሲጀመር ግን ጣቷ ጥያቄውን የሚቀድም። ክፍሌ ጎበዝ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

አንድ ቀን ኦቦ ታደሰ ቢሯቸው ጠሩኝ። ከላይ እንግዳ ይመጣል። የትኛው ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ለእኛ ከበላያችን ያለው ሁሉ ላይ ነው። እንግዳው ትምህርት ቤታችን ቴክኖሎጂ በመጠቀም ምዘና እንዴት እንደሚያካሂድ ማየት ይፈልጋሉ። ኦቦ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማሳያውን አሳምሬ ከሠራሁ የዝውውሬን ነገር በእንግዳው ፊት እንደሚያነሱልኝ፣ ስለ ልጄም እንደሚነግሩልኝ ቃል ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ለወጉ ነው። የቢሮው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እዚያ የተነገረ ነገር ደጅ ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም።

ችግሩ ስልክ ነበር። ትምህርት ቤታችን ስልክ ይከለክላል። ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ይነጠቃል፣ ስልኩም ኦቦ ታደሰ ቁም ሣጥን ውስጥ ይታሰራል። ለእንግዳው ክብር ሲባል ቁም ሣጥኑ ተከፈተና እስረኞቹ ሁሉ ለአንድ ቀን ተፈቱ። ተማሪዎቹ የተነጠቁትን ስልክ ከነጣቂው እጅ በፈገግታ ተቀበሉ። ያም ሆኖ ለሁሉም ስላልበቃ በአንድ ለአምስት አደረጃጀታችን መሠረት ለየቡድኑ አንድ አንድ ስልክ ደረሰ፤ የያዘው የቡድኑ መሪ ነው። ቡድኖቹ ወንጪ፣ ደንዲ፣ ጅባት፣ ጉደር እያሉ ለራሳቸው ስም አወጡ። የወንጪ ቡድን መሪ ቦንቱ ነበረች።

በዋዜማው ኦቦ ታደሰ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው ነገሩን ከበድ አደረጉት። የጨዋታው ውጤት ከሃያ ይያዛል አሉ። ሃያ ነጥብ ለእኛ ልጆች ቀልድ አይደለም። ማለፍና መውደቅ ነው፣ ከእኩያ ጋር መቀጠልና መቅረት ነው።

እንግዳው ኦቦ ሚደቅሳ ሊመጡ ከተባለበት ሰዓት ዘግይተው ደረሱ፤ ቀድመው ቢደርሱ ትልቅነታቸው ያጠራጥረን ነበር። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ አነጋገራቸው የረጋ። መብራት ስላልነበረ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኢንተርኔቱ ከእኔው ስልክ ነበር። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ፣ ኮዱ ግድግዳ ላይ በራ፣ የቡድኖቹ ስም ተራ በተራ ብቅ ብቅ አለ።  ልቤ ውስጥ ያለው ባዮሎጂ አልነበረም፤ ናሆም ነው።

ልጀምር ስል ኦቦ ታደሰ ብድግ አሉ። እንግዳ እንዴት እጁን አጣጥፎ ይመለከታል? እንግዳ ካልቀመሰ ነውር ነው። ከእስረኞቹ ስልኮች ደህናውን መርጠው ለኦቦ ሚደቅሳ አቀረቡላቸው። ሌላው ሁሉ በሐይቅ፣ በተራራና በወንዝ ስም ሲገባ፣ እሳቸውን በገዛ ስማቸው፣ ያውም «ኦቦ» ከነማዕረጉ ሳይቀር፣ ኦቦ ታደሰ ራሳቸው ጻፉላቸው። እኔ ለመከልከል አፌን ከፍቼ ነበር። ዳሩ ግን እንግዳን «አይጫወቱ» የሚል ሰው እኛ አገር አልተወለደም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በየትኛው ክፍሉ ነው የሚል። ልጆቹ ወዲያው ነኩት። ኦቦ ሚደቅሳ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ጥያቄውን አነበቡ፣ አማራጮቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ኃላፊ ሰው ተቻኩሎ አይወስንም። ሊነኩ ጣታቸውን ሲሰነዝሩ ጊዜው አለቀ። በሁለተኛው ጥያቄ ቸኮሉና ተሳሳቱ። በሦስተኛው እንደገና ረጋ አሉ፤ ጨዋታው ግን የሚረጋ አልነበረም። የደረጃ ሰሌዳው ወጣ። ከላይ ወንጪ፣ ቀጥሎ ደንዲ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ከሁሉም በታች፣ በትልልቅ ፊደል፣ ኦቦ ሚደቅሳ፣ ዜሮ።

ሙዚቃው ቀጠለ።  ኦቦ ታደሰ ፕሮጀክተሩን በዓይናቸው ሊያጠፉት የፈለጉ ይመስል አፈጠጡበት። ኦቦ ሚደቅሳ ፈገግ እንዳሉ ነው፤ ፈገግታው ግን ከአንገት በላይ እየሆነ ሄደ። ቦንቱ ዞር ብላ የሌሎቹን ቡድኖች መሪዎች ስታያቸው አየሁ። የሆነ ነገር በሹክሹክታ ከዴስክ ወደ ዴስክ አለፈ። ስለ መልሱ መስሎኝ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ መጣ። ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚረጨው የትኛው አካል ነው? ይህን የማያውቅ በክፍሌ አልነበረም፤ ልብን ሥለን፣ ቀለም ቀብተን፣ የበግ ልብ ከሥጋ ቤት አምጥተን ሰንጥቀን አይተናል። ጊዜው አለቀና መልሱ ወጣ። ሁሉም ቡድን ሳንባ ብሏል። ልብ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኦቦ ሚደቅሳ።

መጀመሪያ ስልኮቹ ታስረው ከርመው ተበላሽተዋል ብዬ አሰብኩ። ቀጣዩን ጥያቄ አስከተልኩ። እሱንም ሁሉም ተሳሳቱ፣ እንግዳው አገኙት። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ኦቦ ሚደቅሳ ወንበራቸውን ወደ ፊት አስጠጉ፣ ኮታቸውን አወለቁ። ከመጨረሻ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ላይ ወጡ። እኔ ደግሞ ወደ ታች ወረድኩ። እነዚህን ልጆች ምን ሳስተምራቸው ነው የከረምኩት? ልጄን ለአያቱ ጥዬ፣ በዚያ መንገድ ተፈጭቼ፣ ኩላሊትና ጉበት የማይለይ ክፍል ነው ያፈራሁት? 

ጨዋታው አለቀና ግድግዳው ላይ የወረቀት አበባ ዘነበ። አንደኛ፣ ኦቦ ሚደቅሳ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ልጆቹ ያጨበጨቡት ከልባቸው ነው፣ ከዚያ «ሳንባ» ካሉት ልባቸው። ከአሥሩ ጥያቄ ሦስቱን ብቻ ስለመለሱ እያንዳንዱ ቡድን ያገኘው ከሃያው ስድስት ብቻ ነበር።

ኦቦ ሚደቅሳ ተነስተው ንግግር አደረጉ። ጨዋታው ድንቅ መሆኑን፣ የተማሪዎቹ ዕውቀት ግን እጅግ እንዳሳዘናቸው፣ እሳቸው እንኳ ከትምህርት ገበታ ከራቁ ስንት ዘመን ሆኗቸው ልብን እንዳልረሱ ተናገሩ። ውጤቱም እንዳለ እንዲያዝ አዘዙ። ለዚህም ሰሌዳው አናት ላይ ያለውን መፈክር በጣታቸው አሳዩ።

እንግዳው ለምሳ ወደ ቢሮ ሲገቡ ኦቦ ታደሰ እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። «ዝውውርሽ አለቀ። ከምሳ በኋላ ይፈርማሉ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። እንዴት ሆኖ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጆቹ ምንም እንደማያውቁ በዓይናቸው አዩ። እሷን እንልቀቃትና የተሻለ መምህር እንፈልግ አሉ። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ደስ አለኝ። ለዓመታት ጎበዝ ነኝ ብዬ ስለምን ኖሬ ያልተሰጠኝ ነገር፣ እርባና ቢስ መሆኔ ሲረጋገጥ በአንድ ጠዋት ተሰጠኝ። አፈርኩም፣ ደስ አለኝም። ሰኞ ናሆም አልጋ አጠገብ እንደምነቃ አሰብኩ።

ስልኮቹን ልሰበስብ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ቦንቱ ብቻዋን ዴስኳ ላይ ተቀምጣለች። እኔና ተማሪዎቼ የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩላችሁ እኔ ነኝ።

«ቦንቱ፣ ልብ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ደም ይረጫል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ሳንባን ለምን ነካሽ?»

«ባርሲስቱ፣ ኬሱማ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸው ከሁላችን ሥር ተጽፎ እያየን እንዴት እንቀመጥ?»

ባርሲስቱ ማለት መምህርት፣ ኬሱማ ማለት እንግዳ ነው። እንግዳን ከበታች ማስቀመጥ እንዴት እንደሚያም እኔም እዚያው አገር ያደግኩ ሰው ነኝና አላጣሁትም። ሆኖም ውጤቱ ከሃያ እንደሚያዝ አልሰማችሁም ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

«ሰምተናል» አለች። ስልኩን በመዳፏ እያሻሸች ቆየች። «ደስ ካላቸው ይፈርሙልዎታል ብለን ነው። ናሆም ጋ እንዲሄዱ።»

የልጄን ስም ክፍል ውስጥ አንስቼ አላውቅም። የቢሮው ኮምፔንሳቶ ነው ያነሳው። የቡድኖቹ መሪዎች በአራተኛው ጥያቄ ላይ፣ በሹክሹክታ፣ ሃያ ነጥባቸውን ለእኔ ልጅ ሰጡት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ልጅ ያላቸው መምህራን ይህን ቢሰሙ ያውቁልኛል።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነበር። ዝም ካልኩ አምቦ እገባለሁ፣ ልጆቹ ስድስት ይዘው ይቀራሉ። ከተናገርኩ ልጆቹ ሃያቸውን መልሰው ሊያገኙ ይችላሉ፣ እኔ ግን ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት አሸነፍኩ ያሉበትን ጨዋታ «አላሸነፉም» ያልኩ ሴት እሆናለሁ። እግሬ ወደ ቢሮው ሲሄድ አፌ ገና አልወሰነም ነበር።

ጥብስ ቀርቧል፣ አምቦ ውሃ ተደርድሯል። ኦቦ ሚደቅሳ ከአምቦ ድረስ መጥተው አምቦ ውሃ እየጠጡ ነው። ኦቦ ታደሰ ስገባ ሲያዩኝ የመጣሁት ፊርማ ልቀበል መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ኦቦ ሚደቅሳ» አልኩ፣ «ልጆቹ ልብን ያውቃሉ። ሆን ብለው ነው የተሳሳቱት። እርስዎ መጨረሻ እንዳይሆኑ ብለው።»

ለእኔ ዝውውር ሲሉ ያደረጉትን ግን ያኔ አልተናገርኩም፤ እሱ የእኔና የእነሱ ነው። የጎረሰ ማላመጡን ተወ። ኦቦ ታደሰ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊያዞሩት ሞከሩ። እንግዳው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«እውነተኛው ደረጃዬ ስንተኛ ነበር?»

«መጨረሻ» አልኳቸው።

 ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና የባዮሎጂ መጽሐፉን አምጡልኝ አሉ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተራርቀው፣ በነጠላ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተፈተነ። ጥያቄውን ያወጡት ኦቦ ሚደቅሳ ራሳቸው ናቸው። ፕሮጀክተር የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ የወረቀት አበባ የለም። እርማቱንም ከእኔ ጋር ተካፍለው ሠሩ። ልጆቹ ልብ ብቻ ሳይሆን የልብን ክፍሎች ሁሉ ጽፈዋል። ከመላው ክፍል አንድ ልጅ ብቻ እውነቱን ነው ሳንባ ያለው። ጠዋት ለእኔ ሲል የተሳሳተ መስሎኝ እሱንም በልቤ አመስግኜው ነበር።

አመሻሹ ላይ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ጠሩኝ። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር።

«ዳማ እወዳለሁ» አሉኝ። «ሹመት ከያዝኩ ወዲህ ተሸንፌ አላውቅም። በጣም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ሌላ አልጨመሩም። መኪናው ተነሳና በዚያ ክፉ መንገድ እየተናጠ ሄደ።

የልጆቹ ሃያ ነጥብ ተስተካከለ። የእኔም ነገር ተስተካከለ፣ በራሱ መንገድ። ከላይ የመጣው መልስ ተማሪዎችን ለዚህ ውጤት ያበቃች መምህርት ከዚያ ትምህርት ቤት መነሳት እንደሌለባት ይገልጻል። ሰነፍ ሳለሁ መሄድ እችል ነበር፤ ጎበዝ መሆኔ ታውቆ ቀረሁ። ከምስጋና ወረቀት ጋር። ወረቀቱን ለግርማ ሳሳየው አንዴ አነበበ፣ ደግሞ አነበበና ፍሬም ሠራለት። ፍሬሙን ምስማር ላይ ከሰቀለ በኋላ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ «እንጨት ሸነንም አለ» አለኝ። መጋዙን፣ መላጊያውንና ናሆምን በአንድ አይሱዙ ጭኖ መጣ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዝውውር የምጠይቀው ከመንግሥት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ከባሌ ጠይቄ አላውቅም።

ቦንቱ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ አምቦ ውስጥ ነርስነት እየተማረች ነው። እሷ አምቦ ገባች፣ እኔ ሸነን ቀረሁ። እሑድ እሑድ እናቴን ትጠይቅልኛለች። ናሆም ተማሪ ሆኗል። ደስ ሲለው እማዬ ይለኛል፣ ሲቆጣኝ ቲቸር።

እናንተ መምህራን «ጨዋታውን ተወችው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልተውኩትም፤ እወደዋለሁ። ነጥቡን ግን አልይዝበትም፤ የተረዱትንና ያልተረዱትን አይቼ ትምህርቴን አስተካክልበታለሁ። በስሙ የሚገባ የለም፣ ሁሉም ለብቻው ይመልሳል፣ የተያዘ ስልክ ካለም ቁም ሣጥኑን አስከፍታለሁ። ክፍሉ በሙሉ ሲሳሳት ካየሁ አላዋቂ ብዬ ከመፍረዴ በፊት ለማን ብለው እንደተሳሳቱ እጠይቃለሁ። መፈክሩ እስካሁን ሰሌዳው አናት ላይ አለ። እውነት ነው፣ ቴክኖሎጂ አያዳላም። ልጆቼ ግን ያዳላሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ወደ እኛ አካባቢ ብቅ ካላችሁ ክፍሌን ጎብኙልኝ። እንግዳ ናችሁና ስልክ ይቀርብላችኋል፣ አብራችሁ ትጫወታላችሁ። አንደኛ ከወጣችሁ ግን ለሰው ከመንገራችሁ በፊት እኔን ጠይቁኝ።